ቆይ፣ ቆዪ፣ ቆዩ

የአክስቴን ባል የሚያውቀው ሁሉ «ጋሽ ሙከራ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሚዛን ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። የእህል መጋዘን ሚዛን፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ በመስታወት ተሸፍና የምትቀመጠው ያቺ ሚጢጢ ሚዛን ሳትቀር በእጁ አልፋለች። ሥራው ሳይሞክሩ አለማመን ነበርና ጡረታ ከወጣም በኋላ አመሉ አልለቀቀውም። ወንበር ሳያነቃንቅ አይቀመጥም። ሰው ቤት ሲገባ እንኳ በሩን አንዴ ከፍቶ ዘግቶ ማጠፊያውን ካላዳመጠ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አክስቴ በሕይወት ሳለች «እኔንም ሞክሮ ነው ያገባኝ፤ መመለስ እንደማይቻል ግን አልነገሩትም» እያለች ታስቀን ነበር።

አክስቴ ከሞተች ዓመት አልፏል። በዚያ ቤት አንድ ሻንጣ ሙሉ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ እሷ ግን አንዱም ላይ የለችም። ካሜራውን የምትይዘው እሷ ነበረች፣ ለማንም አትሰጥም። ጋሼ «አንቺም ግቢና እኔ ልቅረጽሽ» ሲላት «አንተ ሚዛንህን ያዝ» ትለዋለች። ታዲያ አቀራረጿ የቤተሰቡ መሳቂያ ነበር። ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን አራርቃ ታቆማቸዋለች፤ መሃላቸው ባዶ ግድግዳ ይገባል። የአንዱ ልጅ ግማሽ ትከሻ ከፊልሙ ውጭ ይቀራል፣ ግድግዳው ግን ከነሙሉ ክብሩ ይታያል። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «ሚዛን የለውም፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሚዛን የለውም» ይላታል። እሷ ትስቅና ካሴቱን አውጥታ ወደ ሻንጣው ትመልሰዋለች።

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። እናቴ የአክስቴ ታላቅ እህት ናት፤ እግሯ ከከዳት ወዲህ ውሎዋ ቴሌቪዥኑ ፊት ካለው ሶፋ ላይ ነው። አንድ እሁድ ጋሼ ሊጠይቃት መጥቶ፣ ትልቁ ልጁ ከድሮ ካሴት ቀንጭቦ የላከለትን ቪዲዮ በስልኩ ሊያሳያት ሞከረ። እናቴ ስልኩን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ብስኩት የሚያህል ነገር አንሳልኝ። ያለችኝንም ዓይን ልታጠፋት ነው? እህቴ የቀረጸችውን በሙሉ በዲቪዲ አድርገህ አምጣልኝ። እዚሁ ቁጭ ብዬ በትልቁ ልየው።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ የለችበትም።»

«ድምጿስ?»

ጋሼ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «ድምጿ አለ» አላት።

«እንግዲያው እሱን አምጣልኝ። ሳልሄድ።»

ሐኪሙ ስለ ልቧ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሼም ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰውዬ ሌላ ሥራ አልነበረውም። እናቴ ሳትሄድ የእህቷን ድምፅ በዲቪዲ አድርጎ ማድረስ አለበት፣ አለቀ። ይህን ሲያስብ ፊቱ ላይ የማየው ነገር ለእናቴ ብቻ እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል። እሱ ራሱ ሚስቱን እየፈለጋት ነበር።

ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠለት ትልቁ ልጁ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ሁሉ ነገር ቶሎ ካላለቀ የሚያሳክከው። ታናሹ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ዲቪዲውን የሚሠራውን ሶፍትዌር የመምረጡ ዕዳ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ፣ ምክንያቱም የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። በጋሼ ዓይን ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ሁሉ ስለ ኮምፒውተር የማያውቀው ነገር የለም። በማግስቱ መጣ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበትን ወንበር አነቃነቀና ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ዲቪዲ የሚሠራ ሶፍትዌር እፈልጋለሁ። ሲከፈት ሜኑ ይኑረው፣ እትዬ በሪሞት እየመረጠች እንድታይ። ፊደላችንን ይጻፍ። ዋጋው ደግሞ እኔን ይምሰል።»

«አንተን የሚመስል ከሆነ ነፃ ነው» አልኩት።

ብዙዎቹ ሳይገዙ የሚሞከሩ መሆናቸውን ስነግረው ፊቱ በራ። ለአንድ ሰሞን የፎቶ ኮፒ ቤቱን በር ስንከፍት ቆሞ የምናገኘው እሱን ሆነ። አለቃዬ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ የማኅተም መምቻችንን ሚዛን ሲያስተካክልለት ዝም አለ። ለየፕሮግራሙ የራሱን ስም አወጣለት። አንዱ «ድሃው» ነው። ነፃ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ሜኑው ላይ ፎቶዎቹን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ደርድሮ ያቆማቸዋል፣ አማርኛ ስንጽፍለት ደግሞ ፊደሉን ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን እያደረገ ይደረድረዋል። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገና «እኔ ሳጥን ጻፍ አላልኩትም» አለ። ሌላው «ማኅተሙ» ነው። ያማረ ነው፣ ፊደል ይጽፋል፣ ግን ካልተገዛ በሰው ሁሉ ግንባር ላይ ስሙን በስሱ አትሞ ይለቃል። ዋጋውን አየንና ዘጋነው።

ሦስተኛውን ያገኘው ትልቁ ልጅ ነው። ይሄኛው ዋጋው ደህና ነው፣ አማርኛ ይጽፋል፣ በዚያ ላይ የራሱ ዕውቀት አለው። የተንቀጠቀጠውን ያረጋል፣ የጨለመውን ያበራል፣ ሰው ዳር ከሆነ ባዶውን ቆርጦ ሰዎቹን ወደ መሃል ያመጣቸዋል፣ የሚንሿሿውን የካሴት ድምፅ ያጸዳል። ጋሼ «አስተካካዩ» አለው። የሙያ ባልደረባ ያገኘ ነው የመሰለው። ማስተካከያውን ማጥፋት የሚቻለው ውድ በሆነው ዓይነት ላይ ብቻ ነው ይላል፤ እኛም ለምን እናጠፋዋለን ብለን ሳቅን። ትልቁ ልጅ እዚያው በካርዱ ከፈለ።

«አባዬ፣ በመጨረሻ እማዬ የቀረጸችው ሚዛን ሊኖረው ነው» አለው። ጋሼ የልጁን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ደስ ብሎት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ ቤት ተሰበሰብን። የመጀመሪያዋን ሲዲ ለሙከራ ልናይ ነው፤ ያልተሞከረ ነገር ለእትዬ አይሄድም። ሳሎኑ አክስቴ እንደተወችው ነው። መጋረጃው፣ የሶፋው ጨርቅ፣ መስኮቱ ሥር እግር ማሳረፊያ የሆነችው አሮጌ በርጩማ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። ሜኑው ወርቃማ ሆኖ መጣ፣ ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ። ፊልሙ ሲጀምር ትልቁ ልጅ በኩራት ወደ ኋላ ተደገፈ። እውነትም ያምራል። ሁለቱ ወንድማማቾች መሃል ላይ ጥግግት ብለው ቆመዋል፣ ብርሃኑ የዛሬ ይመስላል፣ እንደ ዝናብ የሚንሿሿው የካሴት ድምፅ የለም።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ጨመረ። ከዚያ ተነስቶ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገመዱን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ቆመ።

«እሷስ?» አለ።

«ማን?» አለ ልጁ።

«እናትህ ናታ። ሁልጊዜ ትናገር አልነበር? የታለች?»

እውነቱን ነው፣ የለችም። አክስቴ ስትቀርጽ የፊልሙን ድምፅ እንዳታበላሽ በሹክሹክታ ነበር የምታዘው። አስተካካዩ የእሷን ሹክሹክታ ከካሴቱ መንሿሿት ጋር ጠርጎ አውጥቶታል። አንድ ጊዜ የሞተችው አልበቃ ብሎ በገዛ ገንዘባችን ልንደግማት ነበር።

ልጁ ደነገጠ፤ ላፕቶፑን ከፈተና ያልተነካውን የካሴት ቅጂ አወጣ። ጋሼ ማዳመጫውን አንዱን ለራሱ አድርጎ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ያ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ተመለሰ፤ ከውስጡ ትንፋሿ፤ ከትንፋሿ ውስጥ ድምጿ። ለትልቁ ልጅ «ቆይ አንተ፣ ኮሌታህን» አለችው። ለሁሉም «ቆዩ፣ ልጀምር ነው» አለች። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፈገግ አለ፣ እንባው መጣ። ያን ጊዜ በጣም ቀስ ብላ፣ አፏን ካሜራው ላይ አስጠግታ ሳይሆን አይቀርም፣ ሌላ ነገር አለች።

«ቆዪ። እንዳትንቀሳቀሺ።»

ጋሼ ዓይኑን ከፈተ። እኔም እሱን አየሁት።

«ቆይ ነው ያለችው» አለ።

«ቆዪ ነው፣ ጋሼ። እንዳትንቀሳቀሺ አለች እኮ።»

ፊልሙ ላይ ሁለት ወንዶች ልጆችና ጋሼ ብቻ ነበሩ። ትልቁ ልጅ ማዳመጫውን ነጥቆ ሰማና «አፏን አዳልጧት ነው፤ ወይ ደግሞ አንቺን ነው» አለኝ። እኔ በዚያ ፊልም የለሁበትም። ሌላ ካሴት ከፈትን። «ቆዪ።» ሌላ ከፈትን። «ቆዪ፣ ቀና በይ።» እዚያም ከወንድ በቀር ሰው የለም። በጠራራ ቀን ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ወደ በርጩማዋ ማየት ፈራሁ፤ ለምን እንደፈራሁ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ጋሼ ላፕቶፑን በቀስታ ከደነው። «ዛሬ ይብቃን። ሂዱ በቃ» አለን። ሸኝቶን በሩን ሲዘጋ አላዳመጠውም።

ከዚያ ወዲያ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድርሽ አላለም። ስደውል «ደህና ነኝ፣ እየሞከርኩ ነው» ይለኛል። እናቴ በየቀኑ «የታለ?» ትላለች። አንድ ቀን ራሱ ደወለና «ነይማ» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ስገባ ቴሌቪዥኑ ላይ የድሃው ሜኑ ተደቅኗል። ወደ እሱ ተመልሶ ነበር። አማርኛውን ሳጥን ስለሚያደርግበት ጽሑፉን በሙሉ አጥፍቶት ፎቶዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ለየካሴቱ አንድ ፎቶ።

«ፎቶውን ከየት እንዲወስድ እኔ ነኝ የማዘው» አለኝ። «እሷ ቆዪ ከምትልበት ቦታ ላይ እንዲወስድ አደረግሁ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ደረደርኳቸው። እዪ እስቲ።»

አየሁ። ለየብቻ ስናያቸው ዕድሜያችንን ሙሉ የሳቅንባቸው ምስሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ሌላ ሆኑ። የመጀመሪያው ላይ ትልቁ ልጅ ሕፃን ነው፣ ታናሹ ትራስ ተደግፎ የተቀመጠ ጨቅላ። መሃላቸው ያቺ በርጩማ፣ ባዶዋን። ጥቂት አለፍ ብሎ በርጩማዋ የለችም፣ ባለ መደገፊያ ትንሽ ወንበር አለ፣ ባዶውን። ከዚያ ትልቅ ወንበር። ከዚያ ወንበሩ ቀረና ልጆቹ ቆሙ፤ መሃላቸው የአንድ ሰው ክፍተት፣ አንድ ጣት አይጨምር፣ አይቀንስ። ካሜራውም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ሄዷል፤ የሆነ ሰው ጭንቅላት እንዳይቆረጥ የሚጠነቀቅ ሰው እንደሚያደርገው።

«ስለ ልጅቷ ሰምተሻል?» አለኝ።

ሰምቻለሁ። በሹክሹክታ ነው የሰማሁት፣ እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ። ከትልቁ ልጅ ቀጥሎ ሴት ልጅ ወልደው ነበር፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ወሰዳት፤ አክስቴ ታናሹን እርጉዝ ነበረች። ካሜራ የሚባል ነገር ገና ቤቱ አልገባም። አንድ ፎቶ እንኳ አልነበራትም። በዚያ ቤት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም፤ እኔም ማን እንደምትባል አላውቅም።

«ልብሷን፣ ጫማዋን፣ አልጋዋን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው ያወጣሁት» አለ ጋሼ። «ስሟንም አታንሺብኝ አልኳት። ሆዷ ውስጥ ያለው እንዳይጎዳ ብዬ ነው፤ ሰዎችም እንደዚያ አድርግ ብለውኛል። የምትቀመጥባትን በርጩማ ግን የወጥ ቤት ዕቃ መስላኝ ተውኳት። አክስትሽ አንድ ቀን አላለቀሰችብኝም፣ ልጄ። አንድ ቀን። ረሳችው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።»

ሶፋው ላይ ጫፍ ይዞ ነበር የተቀመጠው። አጠገቡ የአንድ ሰው ቦታ ትቷል፤ አስቦበት ይሁን ሳያስብ አልጠየቅኩትም። እኔም እዚያ አልተቀመጥኩም። ሌላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ጉዳይ የገባኝ። አክስቴ ባየችኝ ቁጥር «እስቲ ቁሚ» ትለኝና መዳፏን አናቴ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ እጇን እዚያው አየር ላይ እንደያዘች ትንሽ ትቆያለች። ለሌላ ልጅ አታደርገውም። የምትወደኝ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ካሜራውን ስታወጣ ግን በሁለቱ ወንዶች መሃል ልገባ ስል «አንቺ ከዚህ ዳር ሁኚ» ትለኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ መሃል አስገብታኝ አታውቅም። ስንት ጊዜ አኩርፌባታለሁ። ለካ እኔ የልጇ ሜትር ነበርኩ። በእኔ እየለካች ነው ያሳደገቻት። ይህን ስረዳ አዘንኩላት፣ ደግሞ ፈራኋት፣ ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁ።

ትልቁ ልጅ ከሥራ ሲወጣ መጣ። አባቱ ወደ ድሃው መመለሱን ሲያይ ደሙ ፈላ።

«አባዬ፣ ያንን ከፍለንበታል እኮ። ድምጿን ብቻ እንዳይነካ የሚደረግበት መላ አይጠፋም። ይሄ ባዶ ግድግዳ ለማን ነው የሚታየው?»

«ባዶ አይደለም» አለው ጋሼ። ሪሞቱን አነሳና አንዱን ፎቶ ከፈተው፤ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ የተመረቀ ዕለት የተቀረጸውን። «ቀኝ እጅህን እየው።»

ልጁ አየ። ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ከትከሻ ዝቅ ባለ ቁመት ላይ፣ ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ሰው እንዳቀፈ አርፏል። ቁጣው ከፊቱ ላይ እንዴት እንደወረደ አይቻለሁ።

«እጅህን ዘርጋ ትለኝ ነበር» አለ። «ሁልጊዜ። ፎቶው እንዲያምር መስሎኝ። ዝቅ አድርገው፣ አትጫናት... አትጫን፣ ነው የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።»

ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ስለ አስተካካዩ ከዚያ ወዲያ አላነሳም። በቀጣዩ ሳምንት አባቱ ፕሮግራሙን እንዲያጠፋለት ሲጠይቀው እሺ ብሎ አጠፋለት።

ፊልሙን ዲቪዲው ላይ የገለበጠው ጋሼ ራሱ ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ እኛ ቤት ይዞት መጣ፤ ትልቁ ልጅም አብሮት ነው። እናቴ ፀጉሯን አሠርታ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ነጠላዋን አጣፍታ ሶፋዋ ላይ ጠብቃናለች። ጋሼ ዲቪዲውን ለማጫወቻው አጎረሰ።

«ሞክረኸዋል?» አልኩት፣ ላሳስቀው ብዬ።

«የመጨረሻውን ካሴት አልሞከርኩትም» አለኝ። «ከመታመሟ በፊት የቀረጸችው ነው። አቃተኝ። ዝም ብዬ ነው ያስገባሁት።»

ይህን ሰው ሳውቀው ያልሞከረውን ነገር ለሰው ሲያቀብል ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሜኑው መጣ። የመጨረሻው ፎቶ ጥቁር ነው፤ አክስቴ የካሜራውን ክዳን ሳታነሳ ነው የጀመረችው። እናቴ ከመጀመሪያው ጀመረች። በርጩማዋን ስታይ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። የእህቷን ሹክሹክታ ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አንዴ ብቻ «እህቴ» አለች። እኛ ያንን ሁሉ መከራ አይተን ያገኘነውን ነገር ማንም አልነገራትም ነበር፤ ልቧን ፈርተን። እሷ ግን በሁለተኛው ካሴት ላይ ቀና አለችና ጋሼን ሳታየው «አሳደገቻት» አለች። የሰፈር ወሬ እንደምትናገር ነው ያለችው። ጋሼ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ እናቴ ጥቁሩን ፎቶ መረጠች።

ጨለማ፤ ከጨለማው ውስጥ የአክስቴ ትንፋሽ፤ ክዳኑ ተነሳ። ያንኑ ሳሎን አየን። ሁለቱ ወንድማማቾች ቆመዋል። ታናሹ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ነው፤ ቀኑን አስታውሰዋለሁ። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከሌላው ጊዜ ሰፋ ያለ ነው፤ ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ያቺ በርጩማ ተቀምጣለች። ስንት ዘመን ከፊልም ጠፍታ የኖረችው ተመልሳለች። እኔም ገባሁ፤ ያኔ መቀመጥ የጀመረችውን ልጄን አቅፌ። ወደ በርጩማዋ ጎንበስ ብዬ ልጄን ላስቀምጣት ስል ድምጿ መጣ።

«እዚያ ላይ አይደለም፣ እናቴ። ያዣት አንቺ። ዳር ሁኚ።»

ዳር ሆንኩ። ፊልሙ ላይ እንዳኮረፍኩ ያስታውቃል።

«ቆዩ» አለች ለሁላችንም። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፣ «ቆዪ» አለች። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ካሜራው ወደ ታች ዝቅ አለ፣ ባዶዋን በርጩማ መሃል ላይ አደረጋት፣ ድምጿም ሰው ሕፃን ሲያባብል እንደሚያደርገው ቀጠነ።

«አንተም ቆይ። እንዳትወድቅ።»

ትልቁ ልጅ ግድግዳውን ይዟል። እኔ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጅቷ ወልዳለች» አለች እናቴ።

ጋሼ ሪሞቱን ከእጇ ወሰደ። ወደ ኋላ መለሰው። አንተም ቆይ። እንደገና መለሰው። አንተም ቆይ።

«ወንድ ነው» አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

እናቴ እጁን ያዘችው። ባዶዋን በርጩማ ትንሽ አየቻትና «ስሙን ማን አለችው ይሆን?» ብላ ጠየቀችው።

ጋሼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገና ካሴቱን ከጨለማው ጀመረው።